ምስጋናውን አቆዩልን

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙኝ። ለጡረተኛ ሰዓት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ሰዓት የሚያስፈልገው ሥራ ላለው ሰው ነው። ንግግር አድርጊ ተብዬም ተነሥቼ ነበር። ሁለት ቃል ሳልናገር እንባዬ ቀደመኝና ተቀመጥኩ። ሰዉ «ሲስተር ዘይነባ ሥራዋን ስትለይ ሆድ ባሳት» ብሎ አዘነልኝ። ኧረ ምን ሆድ ባሰኝ! የደስታ ለቅሶ ነበር እኮ። የልጆች ካንሰር በአገሪቱ የጤና ዕቅድ ውስጥ ራሱን ችሎ ገባ፣ መምጣት የጀመረው የእኛ ክፍል መድኃኒትም እንደ ወባውና እንደ ክትባቱ በመደበኛው ግዥ በቋሚነት ሊገዛ ነው የሚል ዜና የደረሰን በዚያው ሳምንት ነው። ዕድሜ ልኬን የጮህኩለት ነገር እኔ በወጣሁበት በር ሲገባ እንዴት አላለቅስ?

እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገረው። ወንድሜ «አንቺ ስትጀምሪ ማቆሚያ የለሽም፣ ብትጽፊው ይሻላል፤ አንባቢ ሲሰለቸው ይተወዋል» ብሎኛል። ልክ ነው፣ ሲሰለቻችሁ ተዉት።

የተወለድኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ ፒያሳ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ሐሳቡ እኔም ከጎኑ ቆሜ እንድሸጥ ነበር። ነገር ግን ደንበኛ ዋጋ ሲከራከረኝ እኔ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ልኩ፣ ስለ ሰፊውም ጭምር እከራከረው ነበርና «ይቺ ልጅ ሱቄን ታዘጋኛለች። ሐኪም ቤት ትግባ፣ እዚያ ከበሽተኛ ጋር የሚከራከር የለም» አለ። ነፍሱን ይማረውና ምን ያህል ተሳሳተ! የሥራ ዘመኔን በሙሉ ስከራከር ነው የኖርኩት።

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ቡና በሚለቀምበት ገጠር፣ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። ስለ ደመወዙ አላነሣም፤ የሞተ ሰው ማማት ነውር ነው። እዚያ ሳለሁ አንገቱ ያበጠ አንድ ልጅ ያመጡልን ነበር። ቲቢ ነው ተባለ። ቀጥሎ እባጭ ነው ተባለ። ቀጥሎ ቡዳ ነው ተባለ። በመጨረሻ ምንም ሳይባል ተቀበረ። ያኔ ካንሰር የሚለውን ቃል ከልጅ ጋር አያይዞ የሚናገር ሰው አላውቅም ነበር። ካንሰር የትልልቅ ሰዎች፣ ያውም የከተማ ሰዎች በሽታ ይመስለን ነበር። ልጆች በወባና በተቅማጥ፣ በሳንባ ምችም ይሞታሉ፤ በሌላ ነገር ሲሞቱ ግን ስም አልነበረውም። ስም የሌለው ነገር ደግሞ በጀት የለውም። ይህን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

ከዚያ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ልጆች ክፍል ተዛወርኩ። አለቃዬ ሲስተር አሰገደች ነበሩ። አጠር ወፈር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ክረምት ከበጋ ነጭ ጫማቸውን ጭቃ የማይደፍረው ሴት። ስለ እሳቸው ስጽፍ እንኳ ወገቤን ቀጥ አድርጌ ነው የምቀመጠው!

በእሳቸው ፊት ለልጅ «አይዞህ፣ አያምም» ማለት ክልክል ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ስል ሰሙኝና ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ።

«ምን አልሽው?»

«አያምም አልኩት።»

«ያማል አያምም?»

«ያማል።»

«ታዲያ ውሸታም ናት ብሎ ከያዘሽ ነገ እጁን ይሰጥሻል? እኛ ከዚህ ልጅ ጋር ክረምትና በጋ የምንከርም ሰዎች ነን። ያማል በይው። ያልፋልም በይው። ሁለቱም እውነት ነው።»

የደም ሥር አፈላለጋቸውን ብታዩ! የታመመ ልጅ ደም ሥር እንደ ተደበቀ ዶሮ ነው፣ ባሯሯጥከው ቁጥር ይጠፋል። እሳቸው መርፌውን አስቀምጠው የልጁን እጅ በሁለት መዳፋቸው ይይዛሉ። «ላም አላችሁ? ስሟ ማን ነው? ትዋጋለች? ማንን ወጋች?» ልጁ ስለ ላሟ ክፋት ሲተርክ እጁ ይሞቃል፣ ደም ሥሩም ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። የከተማ ልጅ ከሆነ ስለ ባጃጅ ይጠይቁታል። እኔም ይህን ለምጄ በመጨረሻ የስንቱን ቤት ላምና ውሻ በስም አውቅ ነበር።

መድኃኒቱ ላይ ግን ጨዋታ የለም። ለካንሰር ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች አንዳንዱ ከደም ሥር ካፈተለከ የልጁን ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ከመግፋታችን በፊት ደሙ ወደ ሲሪንጁ መመለሱን እናያለን፤ እየገፋንም እናያለን። መጠኑ የሚሠራው በልጁ ክብደትና ቁመት ነው፤ ልጁ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይመዘናል። «ባለፈው ለክተነዋል» ያለ ወየውለት። «ልጅ ባለፈው የሚባል ነገር የለውም! ለካው!» ይላሉ። ይህ ለእኔ ሳይከብደኝ ገባኝ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ አይደለሁ? አባቴም ደንበኛን በዓይኑ ለክቶ አያውቅም ነበር። መድኃኒት ሲቀዳ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ወሬ የለም። አንዷ ትቀዳለች፣ አንዷ ስሙንና መጠኑን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላው ዝም።

ከሁሉ የማልረሳው የበሩን ነገር ነው። ልጅ አንድ ዙር መድኃኒት ጨርሶ፣ እስከሚቀጥለው ዙር ሊያርፍ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሲስተር አሰገደች እስከ ግቢው በር ይሸኙታል። እነሱ ባጃጅ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ወላጁን «መቼ ነው የምትመጡት?» ይሉታል። ቀኑን እሳቸው አይነግሩትም። ወላጁ ራሱ በአፉ እስኪናገር የባጃጁን ብረት ይዘው ይቆማሉ። ባለ ባጃጁ ጡሩምባ ከነፋ ይቆጡታል። አንዱ ጎረምሳ «እማማ፣ ሂሳቤን ማን ይከፍላል?» ሲላቸው «እግዜር!» አሉት። እሱም ስቆ ጠበቀ።

እንግዲህ ናትናኤል የመጣው በዚያ ጊዜ ነው።

አባቱ አቶ ሐሜሶ ከከተማው ወጣ ብሎ እንሰትና ቡና የሚያለማ ገበሬ ነበር። የልጁን ሆድ እናቱ ስታጥበው በአንድ በኩል ድንጋይ የመሰለ ነገር እጇ ላይ አረፈ። የኩላሊት ካንሰር ነበር። የልጆች ሐኪማችን ዶክተር ይስሐቅ አባትየውን አስቀምጦ «መጀመሪያ መድኃኒቱ ያሳንሰዋል። ከዚያ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከዚያ በኋላም የሚቀር መድኃኒት አለ። ሦስቱም ካለቁ ልጅህ የመዳን ተስፋው ትልቅ ነው» አለው። አቶ ሐሜሶ ይህን ሁሉ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «እሺ» አለ።

መድኃኒቱ ሠራ! ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ የዚያ ልጅ ሆድ ዓይናችን እያየ ጎደለ። በመጣ ቁጥር ሲስተር አሰገደች ይዳስሱትና እኔን «ነይ ንኪው» ይሉኛል፤ እነካውና ደግሜ እነካዋለሁ። አባቱ ከሐይቁ ዳር አሳ ሾርባ እያመላለሰ ያጠጣዋል። ናትናኤል ፊቱ ወዛ፣ ክፍሉ ውስጥ ኳስ እየለጋ የሌሎችን ሾርባ ይደፋ ጀመር። ያ ሁሉ ዓመት ልጆች በዚህ በሽታ ሲሞቱ አይቻለሁ፤ ሲሸሽ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ቤቴ ገብቼ ለእናቴ «ካንሰር ይሸነፋል!» አልኳት። «ታዲያ ለምን ትጮኺብኛለሽ?» አለችኝ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ልጁ ትንሽ እንዲያገግም ወደ ቤቱ ተላከ። በሩ ላይ አቶ ሐሜሶ ቀኑን በአፉ ተናገረ። ከዚያም ወረድ ብሎ «እሑድ ቸርች ምስጋና አለን። ሳትመጡ እንዳትቀሩ» አለን።

ሄድን። ዶክተር ይስሐቅም፣ ሲስተር አሰገደችም፣ እኔም ሻሼን አጥብቄ ሄድኩ። አገራችን እንዲህ ነው፣ የታመመ ሰው ሲነሣ ዝም ብሎ ነገር የለም። ኦርቶዶክሱ ስለት ያገባል፣ እኛ ቤት ሶደቃ ይወጣል፣ ጴንጤዎቹ ደግሞ ጉባኤ ፊት ቆመው ይመሰክራሉ። ናትናኤልን ወንበር ላይ አቆሙት። አቶ ሐሜሶ ማይክ ይዞ «ልጄ ድኗል!» አለ። አዳራሹ «አሜን» ብሎ ተናወጠ። እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ሲስተር አሰገደች ያን ቀን ብቻ ነው ሲያጨበጭቡ ያየኋቸው። ምሳ በላን፣ ተመራረቅን፣ ተለያየን። ማናችንም ገና ነው አላልንም። በዚያ ደስታ መሐል ማን እንዲህ ያለ ቃል ያወጣል?

የቀጠሮው ቀን መጣ፣ ናትናኤል አልመጣም። አልጋውን ይዘን ጠበቅን። ስልክ የላቸውም። የሚላክ ሰውም መኪናም የለንም። አልጋውን ለሌላ ልጅ ሰጠነው።

ልጁን ያመጡት ቡናው ከተለቀመ በኋላ ነበር። ሆዱ ተመልሶ አብጦ ነበር፤ ካንሰሩ አሁን ደረቱንም ይዞታል። ሲስተር አሰገደች መነጽራቸውን አውልቀው «ሐሜሶ፣ ቀኑን ነግረኸኝ አልነበር?» አሉት።

«ነግሬያለሁ» አለ። ቆሞ ወለሉን እያየ ነበር የሚናገረው። «ግን በጉባኤ ፊት ድኗል ብያለሁ። ሰው ሁሉ አሜን ብሏል። እንዴት ተመልሼ ሆስፒታል እገባለሁ? እግዚአብሔርን ውሸታም ማድረግ አይሆንም? እምነት የለውም አይሉኝም?» ከዚያ ቀና ብሎ አየን። «እናንተም ነበራችሁ እኮ። እልል ብላችኋል።»

ዶክተር ይስሐቅ የሚቻለውን ሁሉ ሞከረ፤ አልሆነም። ናትናኤል ሞተ። ለቅሶው ላይ ያው ቸርች፣ ያው ሰው፣ ያው አዳራሽ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሠርግ ላይ እንኳ እልል ማለት ከበደኝ።

ሲስተር አሰገደች ጡረታ የወጡት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የክፍሉን ኃላፊነትና ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ስለ ቁልፉ አንድም ቃል አልተናገሩም። «ስሚ» አሉኝ፣ «ያ ልጅ የጠፋን በምስጋናው አይደለም፣ ምስጋናው ቀድሞ በመምጣቱ ነው። ሰው ያለ ምስጋና መኖር አይችልም፤ እንዳታስቀሪባቸው። ወደ ኋላ ግፊው።» እሺ አልኩ። እንዴት እንደሚገፋ ግን አላውቅም ነበር።

በመሐል የሆስፒታሉ አለቆች ተፈራረቁብኝ። አንዱ ቀለም ማስቀባት የሚወድ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግድግዳው ይቀባል፣ ልጆቹን የቀለሙ ሽታ ያስላቸዋል። ሌላው ደግ ሰው ነበር፣ ግን «ሲስተር፣ ለአንድ የካንሰር ልጅ ከምንደክም አሥር የወባ ልጅ እናድን» ይለኝ ነበር። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል፤ ክፉ ሰው ቢናገረው እኮ ይቀለኝ ነበር። «ማን ነው አስመርጡ ያለን?» እለዋለሁ። «የወባው ልጅ መድኃኒት ስላገኘ ነው የሚድነው። የእኔም ልጆች መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ካገኙ ብዙዎቹ ይድናሉ። የማይድን በሽታ ነው ብላችሁ መድኃኒቱን አታመጡም፤ መድኃኒቱ ስለሌለ አይድኑም፤ ከዚያ ይኸው አልዳኑም ትላላችሁ!» እሱም «ልክ ነሽ» ይልና በጀት የለም ይላል። ልክ ነሽ የሚል አለቃ ምን ያደርጉታል?

ከዚያ ሩት መጣች።

እናቷ ወይዘሮ አስቴር ታቦር ሰፈር ድንችና ቲማቲም ትቸረችራለች። ሩት ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት፣ ድዷ እየደማ፣ ወረቀት መስላ ነበር የመጣችው። የደም ካንሰር። ሕክምናው ዓመታት የሚፈጅ ነው፤ መጀመሪያው ብርቱ ነው፣ ኋላው ረጅም። እናትየው ጉሊቱን ለእህቷ ሰጥታ አልጋው ሥር ከረመች። በጨው ውኃ አፏን ማጠብ አስተማርኳት፤ ከእኔ በላይ ጎበዝ ወጣች። ሩት ደግሞ ነገረኛ ናት! «ያማል፣ ያልፋልም» ስላት «ስንት ደቂቃ?» ትለኛለች። ላም የላቸውም፤ ስለዚህ ስለ ቲማቲም ዋጋ እንከራከር ነበር። ደም ሥሯ የሚወጣው እኔ ዋጋ ስቀንስባት ነው።

የመጀመሪያው ብርቱ ሕክምና እንዳለቀ ምርመራው ጥሩ ሆነ። ፊቷ በራ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። ወይዘሮ አስቴር እጄን ይዛ «ሲስተር፣ እሑድ ቸርች ምስክርነት አለን። ይመጡልኛል አይደል?» አለችኝ።

ናትናኤል ወንበር ላይ ቆሞ ታየኝ። እሺም እንቢም ሳልል ሰው የጠራኝ አስመስዬ ወጣሁና በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ ወደ ቸርቻቸው ሄድኩ። ፓስተር ማርቆስ የሚባሉ፣ ሸበት ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የናትናኤልም ቸርች ያው ነበርና ልጁን ያስታውሱታል።

«ፓስተር፣ የመጣሁት ምስጋናውን አቆዩልን ልልዎት ነው» አልኳቸው።

«ምስጋና ይቆያል እንዴ፣ ሲስተር?»

«ሩት ተሽሏታል፣ ግን ሕክምናዋ አላለቀም። አሁን ድናለች ተብሎ ከተመሰከረ እናቷ እንዴት ትመለሳለች? የናትናኤል አባት እንዴት እንደቀረ ያውቃሉ።»

«እኔ ነበርኩ ማይኩን የሰጠሁት» አሉ። ከዚያም «እናንተ ዘንድስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኛም ዘንድ ሶደቃ እንዲሁ ነው። የአጎቴን ቤት ይጠይቁ። ሶደቃው ከወጣ በኋላ ኪኒን የሚውጥ የለም።»

ሳቁ። ቀጥለው ግን እስከ ዛሬ የማመሰግንባቸውን ጥያቄ ጠየቁኝ። «እሺ፣ እኔ እይዛቸዋለሁ። በየመሐሉ እንጸልያለን፣ ምስክርነቱን ለመጨረሻው እናቆየዋለን። ተመለሱ እላቸዋለሁ። እርስዎ ግን ይንገሩኝ፣ ሲመለሱ መድኃኒቱ ይኖራል? እኔ ሰው ልኬ፣ መጥቶ የለም ከተባለ፣ ሁለተኛ ማን ይሰማኛል?»

«ይኖራል ብዬ አልዋሽዎትም» አልኳቸው። ምክንያቱም አይኖርም ነበር። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም፤ ያለውም በለጋሽ፣ በልመና፣ በዶክተር ይስሐቅ ስልክ የሚመጣ ነው። እኔ ወላጆችን ለምን ቀራችሁ እያልኩ ስቆጣ፣ መድኃኒቱ ራሱ ከእነሱ በላይ ይቀር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭቅጭቄ አቅጣጫውን ለወጠ። ወላጆቹን ትቼ ቢሮዎቹን ያዝኩ። የመድኃኒት ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስመጣ ሲያየኝ ምሳ መብላት ይጀምር ነበር፤ ጠዋትም ቢሆን! አንድ ጊዜ የሩት መድኃኒት ከከተማው ሁሉ ጠፋ። ዶክተር ይስሐቅ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛውን ለምኖ አገኘ፤ በበረዶ ሣጥን ተደርጎ ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ተሰጠ። መናኸሪያ ስደርስ ፓስተር ማርቆስ ቀድመውኝ ቆመዋል። ሣጥኑን ከሹፌሩ እጅ ተቀብለው በደረታቸው አቅፈውት ባጃጅ ውስጥ ተቀመጡ። «ፓስተር፣ ጽላት አስመሰሉት እኮ» አልኳቸው። «እኛ ጽላት የለንም» አሉኝ። እስክንደርስ ድረስ ስንስቅ ባለ ባጃጁ ያበድን መስሎት ዞር እያለ ያየን ነበር።

ግን ሚኒባስ የጤና ሥርዓት አይደለም። አንዷን ሩት በሹፌር እናድናለን፣ ሌሎቹንስ?

የምንጠብቀው ቀን የመጣው፣ ስለ ልጆች ካንሰር ዕቅድ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከአዲስ አበባ ክፍላችንን ሊያዩ ሲመጡ ነው። ያ ቀለም ወዳዱ አለቃ ግድግዳውን አስቀባ። ስለ ክፍሉ የሚናገር ሰው ሲመረጥ እኔ እጄን አነሣሁና «አንድ እንግዳ ጨምሩልኝ» አልኩ። ከዚያ ቀደም ብዬ በፓስተር ማርቆስ በኩል አቶ ሐሜሶን አስጠርቼው ነበር። ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ካፖርቱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጣ።

ዶክተር ይስሐቅ ስለ ሕክምናው ተናገረ። ደህና ተናገረ፤ እንግዶቹም ደህና ሰሙ። ከዚያ አቶ ሐሜሶ ተነሣ። ማይክ ሲሰጡት ትንሽ አመነታና ያዘው።

«እኔ ምስክርነት ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለ። «አንድ ጊዜ ቸኩዬ መስክሬያለሁ። ዛሬ ዘግይቼ እመሰክራለሁ። ልጄ ሊድን ይችል ነበር። መድኃኒቱ ይሠራ ነበር፣ ሆዱ ሲጎድል በእጄ ዳስሻለሁ። ያልሆነው መጨረስ ነው። እኔ አልጨረስኩም። ግን እናንተም አልጨረሳችሁም። ለወባ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ አጎበር ሰቅላችሁልኛል። ለክትባት ሚስቴን ማሳ ውስጥ ፈልጋችሁ አግኝታችኋታል። ናትናኤል ሲቀር ግን ማንም አልመጣም። መንገዱ ያው መንገድ ነው። ቤቴም ያው ቤት ነው።»

ተቀመጠ። የእንግዶቹ መሪ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ አዘጋጅታ የመጣችውን ጥያቄ ትታ፣ «ልጅ ሲቀር የሚፈልገው ማን ነው? መድኃኒቱስ ሲያልቅ የሚጠየቀው ማን ነው?» እያለች አንድ በአንድ ትጠይቀን ጀመር። ለዓመታት ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር እኮ።

በእሱ ንግግር ብቻ ዕቅዱ ተጻፈ አልልም። በየከተማው ብዙ ሐኪም፣ ብዙ ወላጅ ደክሞበታል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ነገሮች መምጣት ጀመሩ። ለቀሩ ልጆች ወላጆች የምትደውልና ቤት ድረስ የምትሄድ ነርስ ተመደበች። ከሩቅ የሚመጡ እናቶች የሚያድሩበት ቤት ተገኘ። የመጀመሪያው የመድኃኒት ካርቶን ማንም ሳይለምን፣ ሳይደውል፣ እንደ ማንኛውም መድኃኒት በግምጃ ቤቱ መኪና የመጣ ዕለት ክፍላችን ሠርግ ቤት ሆነ። ነርሶቹ ካርቶኑን ከበው ጨፈሩ። ያ ምሳ የሚበላው ኃላፊ ራሱ አብሮን ጨፈረ። እኔም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እልል አልኩ። ድምፄ እንደ ዛገ በር ነበር፣ ግን ወጣ።

ሩት ሁሉንም ዙር ጨረሰች። በየመሐሉ ቸርቹ ጸለየላት፤ ወይዘሮ አስቴርም ጎረቤት «መቼ ነው የምትመሰክሪው?» ሲላት «ሲስተር አለቀ ስትል» እያለች መለሰች። በመጨረሻው ዙር ላይ እኔ ጡረታዬ ደረሰ። የመጨረሻዋን ኪኒን የዋጠችው እኔ ጋቢ ከለበስኩ በኋላ ነው። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው! ያን ሁሉ ተጉዤ መጨረሻውን ሌላ ሰው ሊያየው!

ፓስተር ማርቆስ ግን ደወሉልኝ። «ሲስተር፣ እሑድ ይምጡ። ያለ እርስዎ አንጀምርም።»

«እኔ እኮ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ፓስተር። አዲሷ አለቃ አለች።»

«እሷም ትምጣ። የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

አሁን እዚያ ቸርች ውስጥ ደንብ አለ። ልጅ ከካንሰር ሲድን ከወላጁ በፊት ማይኩ ለሆስፒታሉ ሰው ይሰጣል። ፓስተሩ በጉባኤ ፊት ይጠይቃሉ፤ የሆስፒታሉ ሰው ይመልሳል፤ ከዚያ ብቻ ነው ምስክርነቱ። ሲስተር አሰገደች ወደ ኋላ ግፊው ያሉኝ ምስጋና ቦታውን አገኘ። በሕይወት ኖረው ቢያዩ የባጃጁን ብረት በያዙበት እጃቸው ያጨበጭቡ ነበር።

እሑድ ያን የጡረታ ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። ወንድሜ በር ላይ «ሐኪም ቤት ብለን ሰደድንሽ፣ ቸርች ተገኘሽ» ብሎ አሾፈብኝ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሩት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯ ተሠርቶ ከፊት ተቀምጣለች። እኔ ከኋላ ቦታ ስፈልግ አንድ ሰው ካፖርቱን አንሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ። አቶ ሐሜሶ ነበር። ልጁ ከተቀበረ ወዲህ ምስክርነት በሚኖርበት እሑድ ቸርች እንደማይመጣ ፓስተሩ ነግረውኝ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሩት ወንበር ላይ ወጣች። ፓስተር ማርቆስ ማይኩን ይዘው ወደ ኋላ ተመለከቱ። «ሲስተር ዘይነባ፣ የዚህች ልጅ ሕክምና አልቋል ወይስ አላለቀም?»

ተነሣሁ። ማይክ በእጅ በእጅ ደረሰኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ያ የመሰናበቻው ቀን ለቅሶ ተመልሶ መጣ። የምቀመጥ መሰለኝ። ከሥሬ አቶ ሐሜሶ የጋቢዬን ጫፍ ያዘ አድርጎ፣ «ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ሲስተር» አለኝ። «ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም።»

«አልቋል!» አልኩ። ማይኩ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። «ሕክምናው አልቋል! ክትትሉ ግን ይቀጥላል፣ ሩት፣ እንዳትጠፊብኝ!»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳያበቃ አንድ ድምፅ ከአጠገቤ ተነሣ። ከሁሉ ቀድሞ «አሜን» ያለው አቶ ሐሜሶ ነበር።